ስንት ቋንቋ ታውቃለህ?

መሐል ሜዳ፣ ሌሊት። ውርጩ መስኮት ላይ ጽፏል፤
ባናዬን ደርቤ፣ ጣቴ ቁልፎቹ ላይ ደርቋል።
ከፊቴ ጥቁር ገጽ፤ ሥዕል የለው፣ በር የለው፣
አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ፣ ብልጭ ድርግም የምትለው።
ከርል ይሉታል። መልእክተኛ ነው፤ ሂድ ያሉት ይሄዳል፤
ቢሳካም ባይሳካም፣ የሆነውን ይናገራል።

«ስንት ቋንቋ ታውቃለህ?» አልኩት በአንድ መስመር፤
ሳያፍር፣ ሳይኩራራ፣ በፊደል ተራ ጀመር፦
ዲክት፣ ፋይል፣ ኤፍቲፒ፣ ጎፈር፣ ኤችቲቲፒ፣ ኢማፕ፣
ኤልዳፕ፣ ኤምኪውቲቲ፣ ደሞም ቁጥር ሦስት ፖፕ...
እንደ እድር ጸሐፊ ስም ጠራልኝ በተርታ፣
የሞተውን ጭምር፣ ሳይሰርዝ፣ ሳያመነታ።
ጎፈርን አላየሁም፤ ሰው አላውቅም ያየውን፤
እሱ ግን ይዞታል። ማን ያውቃል፣ አንድ ቀን
ከተረሳ ጓዳ፣ ከአንድ የዛገ ሰርቨር
ድንገት ቢጣራ አንዱ፣ መልስ አጥቶ እንዳያድር።

የኔ ጭነት ቀላል ናት፤ የሠላሳ ስምንት ዓመት ዝናብ፣
አንድ የሠርግ ፎቶ አታህል በኮምፒውተር ሒሳብ።
አቶ አጥናፍሰገድ ናቸው በሚሊ ሜትር የለኳት፣
ጧት በሦስት ሰዓት ወጥተው ከቆርቆሮ ጣሳ የቀዷት፣
በሰማያዊ ቢክ፣ በስኩዌር ደብተር ያሰፈሯት።
እኔ ክረምቱን ሙሉ ቁጥር በቁጥር ገለበጥኳት።
ደብረ ብርሃን ትግባ ተባለ፤ ቀኑ ተቆርጧል፤
ነገ ጧት መዝገቡ በሩን ይዘጋል።

ሽማግሌው ኤፍቲፒ ቀደመ፤ በሁለት መንገድ ይሄዳል፣
በአንዱ ያወራል፣
በአንዱ ይሸከማል።
ችግሩ አፉ ነው፤ ስሙንም ምስጢር ቃሉንም
በአደባባይ ይጮኻል፤ «ማን ይሰማኛል» አይልም።
መለሱት ከበር፦ «አምስት መቶ ሠላሳ»፤
አትገባም ማለት ነው፤ ሳይቀመጥ ተነሣ።
ቴልኔትማ ይብሳል፤ ገደል ለገደል ተጣሪ፣
ከጓሳ አፋፍ ቆሞ ይፋት ላለ ሰው ነጋሪ፤
ወዳጅም ጠላትም ይሰማዋል፤ አልሞከርኩም።
ኤስኤምቲፒም ደብዳቤ ያደርሳል እንጂ አያመጣም።

ኤችቲቲፒኤስን ጠራሁ፤ ልብሱ ንጹሕ፣ ነገሩ ቁጥብ፣
አንድ ቃል ሳይተነፍስ በፊት በር ላይ ማኅተም የሚያነብ።
አነበበና ቆመ። «የዚህ ቤት ማኅተም ዕድሜው
ትናንት አልፏል፤ ባለቤቱ ራሱ መሆኑን ማን ያውቀው?»
መላ አለው። አንዲት ሰረዝ፣ አንድ ፊደል ብጨምር፣
«ዝም ብለህ ግባ፣ ማኅተሙን አትመርምር»
ማለት ነው። ጣቴን አሳረፍኩ።
አነሣሁ።
የአንድ ሰው የሠላሳ ስምንት ዓመት ጧት፣ ለማላውቀው በር?
አይሆንም አልኩ ለብቻዬ፣ በዚያ ቆፈን፣ በዚያ ወንበር።

ሙሉእመቤትን ቀሰቀስኳት፤ ሰርቨሩ በሷ እጅ ነው፤
«ማኅተሙ ለነገ» አለች፣ ድምጿን እንቅልፍ እየጎተተው፤
«ቁልፍህ ግን እኔ ጋ አለ፤ ኤስኤፍቲፒን ላከው።»

ሄደ። አይጮኽ፣ አያወራ፤ ጭነቱን በጨለማ አዝሎ፣
አሥር በመቶ፣ ሠላሳ፣ አርባ ሰባት፣ ቀስ ብሎ፣
ሥልሳ አንድ ላይ ቆመ።
ጉሙ ጣርማ በርን ውጦ
ኔትወርኩ ጠፋ፤ ሰረዟ ብቻ ቀረች፣ ዓይኗ ፈጦ።
«ሃያ ስምንት» አለኝ። ጠብቆ ጠብቆ ጊዜው አለቀ ማለት።
ሰበብ አይደረድርም፤ ቁጥር ነው የሱ እውነት።

ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ ከዝርዝሩ ሁለተኛውን፣
ፋይል የሚባለውን ጠራሁ፤ ከቤት የማይወጣውን።
ኬብል አይሻ፣ ማማ አይሻ፣ ማንም ማንም አያግደው፣
ከእልፍኝ እስከ ጓዳ ሄዶ «ደረስኩ» ማለት ነው ልማዱ፣ ያስቀኝ የነበረው።
«የመጨረሻውን ገጽ» አልኩት። አመጣ።
ሰኔ አሥራ አንድ፣ ዜሮ። አሥራ ሁለት፣ ዜሮ። ጠብ ያለ ጠብታ አጣ።
አሥራ ሦስት፣ ዜሮ። አጠገቡ አንድ ማስታወሻ፣
እኔው የገለበጥኩት፣ ያላነበብኩት እስከ መጨረሻ፦
«ዛሬም አልዘነበም። ግን ወጥቼ አይቻለሁ።»

ሲነጋጋ ጉሙ ሳሳ፤ ማማው ቀይ ዓይኑን ገለጠ።
«ከሥልሳ አንድ ቀጥል» አልኩት። ቀጠለ። አልተቋረጠ።
ሲጨርስ፣ «እንዴት ሆነ?» አልኩት፤ ነገሩን እንዲያጣራ።
«ዜሮ» አለኝ። በሱ ቋንቋ፣
ደርሷል ማለት ነው፤ ያለ እንከን፣ ያለ ኪሳራ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ባናዬን ጥዬ ወጣሁ፤
ጣሳዋን አየሁ።